ዕቃ ወይስ ውሎ፦ በሰሜን ሸዋ ለሚኖር ቤተሰብ የወጪ ምርጫ መመሪያ

ዕቁብ በወጣ ማግስት በብዙ ቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ገንዘብ ምን ይደረግበት? እኔ በምኖርበት በደብረ ብርሃን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥያቄው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጎረቤት የገዛው ሶፋ፣ የሥራ ባልደረባ ያስገባው ሰፊ ቴሌቪዥን፣ የእህት ቤት ቡፌ ሁሉ ዓይን ላይ ስላሉ፣ ባልና ሚስት የሚመካከሩት ስለ ቀለሙና ስለ ዋጋው እንጂ ዕቃው የሚያስፈልግ ስለ መሆኑ አይደለም። በዚያው ገንዘብ ሌላ ምን ሊደረግ እንደሚችል የሚያነሣ ሰው ቢኖር እንኳ «ገንዘብ በትኖ ከመመለስ ዕቃ ይሻላል፤ ዕቃ ይቀመጣል» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ዕቃ መቀመጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምን ሆኖ፣ ለማን፣ በማን ድካም እንደሚቀመጥ አብሮ መታየት አለበት።

በዚህ ጽሑፍ «ውሎ» የምለው ገንዘብና ጊዜ ወጥቶበት ከሰው ጋር የሚዋልበትን ነገር ሁሉ ነው፤ ዘመድ ጥየቃ መሄድን፣ ንግሥ መሳለምን፣ ማኅበር መደገስን፣ ልጆችን ይዞ አንኮበርን ወይም ጓሳን ማየትን፣ እጅ ሥራ መማርን። «ዕቃ» የምለው ደግሞ ተገዝቶ ቤት የሚገባውን ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ ተቃራኒዎች አይደሉም፤ አንዳንዱ ዕቃ ውሎ ይወልዳል፣ አንዳንዱም ውሎ ከዕቃ የከፋ ሸክም ይሆናል፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

አስቀድሞ መለየት ያለበት

ያጣን ሰው «በቀላሉ ኑር» ብሎ መምከር ነውር ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ሰው፣ ለልጆቹ በቂ ብርድ ልብስ የሌለው ቤተሰብ ወደ የትም ከመሄዱ በፊት ብርድ ልብስ መግዛት እንዳለበት ማስረጃ አይጠይቅም። ጣሪያው የሚያፈስ ቆርቆሮውን ይቀይር፤ ገበሬ የማዳበሪያና የዘር ገንዘቡን አይንካ፤ የሚሠራበት መሣሪያ ያረጀበት አናጺ ወይም ልብስ ሰፊ መሣሪያውን ያድስ። እነዚህ ዕቃዎች ሥራ ይሠራሉ፤ ንጽጽሩ የሚጀምረው ከእነርሱ በኋላ በሚተርፈው ገንዘብ ላይ ነው።

ጥናቱም የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም። ቫን ቦቨንና ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙ ሰዎች ከገዟቸው ዕቃዎች ይልቅ ገንዘብ ያወጡባቸው ውሎዎች የበለጠ ደስታ እንደሰጧቸው ተናግረዋል። ይህ ውጤት በብዙ ቦታ ሲጠቀስ ይሰማል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ሊ፣ ሆልና ዉድ ያሳተሙት ጥናት ግን ያን ያህል አይነሣም። እነርሱ ያሳዩት የውሎ ብልጫ በኑሮ ደረጃቸው ከፍ ባሉት ሰዎች ዘንድ ጎልቶ እንደሚታይ፣ ዝቅ ባለ ኑሮ ላይ ያሉት ግን ከዕቃም እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ ደስታ እንደሚያገኙ ነው። ለእኛ አገር አንባቢ ሁለተኛው ጥናት ከመጀመሪያው ይበልጣል እላለሁ። እጅ ሲያጥር አንድ ጥሩ ዕቃ ለዓመታት እፎይታ ይሰጣልና፣ ያን እፎይታ የሚንቅ መመሪያ የሰውን ኑሮ አላየም።

ሶፋውና የመንዝ መንገድ

ሁለቱን ምርጫዎች በራሴ ቤት ስላየኋቸው በዝርዝር ላቅርባቸው።

በ2009 ዓ.ም. የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰኝ በ18,000 ብር ሶፋ ገዛን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታ እውነተኛ ነበር፤ አልክደውም። ነገር ግን ሶፋው ገና ከመግባቱ ሌላ ነገር መጠየቅ ጀመረ። ምንጣፉ አጠገቡ አሮጌ መስሎ ታየን፤ ምንጣፍ ተገዛ። መጋረጃው ከቀለሙ ጋር አልሄደም፤ መጋረጃ ተቀየረ። ባለቤቴ አቧራ እንዳይገባው በዳንቴል ሸፈነችው፤ ዳንቴሉም እንዳይቆሽሽ ልጆቹ በርጩማ ላይ እንዲቀመጡ ታዘዙ። እናቴ ከገጠር የመጡ ዘመዶቿን ስትቀበል ጭቃ የነካው እግር ያሳስባት ስለነበር፣ ሰዎቹን ወደ ማድ ቤት ወስዳ እሳት ዳር ማስቀመጥ ለመደች። ለእንግዳ ብለን የገዛነው ዕቃ እንግዳ ለይቶ የሚያስገባ በረኛ ሆነብን። በሦስተኛው ዓመት መቀመጫው ሰመጠ፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሶፋው መኖሩን እንኳ የሚያስተውለው ሰው አልነበረም። ብሪክማንና ካምቤል የተባሉ ምሁራን በ1971 እ.ኤ.አ. የጻፉለት የመላመድ ጠባይ ይህ ነው፤ ሰው ከአዲስ ነገር ጋር ቶሎ ይላመድና ደስታው ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ዓይኑም ወደ ቀጣዩ ዕቃ ይዞራል።

በጥር 2012 ዓ.ም. ሌላ ዕጣ ሲደርሰኝ እናቴ ለ19 ዓመታት ያልረገጠችውን የትውልድ ቀዬዋን ለማየት ጠየቀችን። ከመሐል ሜዳ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ የሚያስኬድ የመንዝ መንደር ነው። ለአውቶቡስ፣ ለቡናና ለስኳር፣ ለአክስቴ ለተወሰደው ነጠላ ተደምሮ ያወጣነው 6,400 ብር ነበር። ጉዞው ምቹ አልነበረም። ጣርማበር ላይ መኪናው ተበላሽቶ በጉም ውስጥ አራት ሰዓት ቆምን፤ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ መንገዱን ሁሉ ሲያስመልሰው መጣ። መንደሩ ስንደርስ ጨልሞ ነበር፤ አክስቴ ኩራዝ ይዛ በሩ ላይ ቆማ እናቴን በድምፅዋ ነው የለየቻት።

በማግስቱ አክስቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር። ልጄ አጠገቧ ሄዶ ሲቆም እንዝርቱን አስያዘችው። ፈትሉ ደጋግሞ ተበጠሰበት፤ እርሱም በተበጠሰ ቁጥር ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። «ጣትህን አላላው ልጄ፤ ጠጉር በጉልበት አይፈተልም» አለችው። እስከ ማታ አንድ ክንድ የሚያህል፣ አንዱ ጋ የወፈረ ሌላው ጋ የቀጠነ ፈትል ወጣለት። አክስቴ አልጣለችውም፤ ከራሷ ልቃቂት ላይ ጠቀለለችው። ከስምንት ወር በኋላ በሰው የላከችልን ባና፣ ማለት የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሲዘረጋ፣ ከጥጉ አጠገብ ጎበጥ ጎበጥ ያለ አንድ መስመር አለው፤ ልጄ ዛሬም ሲተኛ ያንን ጥግ ወደ ራሱ በኩል ያደርገዋል።

ከሁለቱ ወጪዎች የምወስደው ፍርድ ይህ ነው። ሶፋው ሲበላሽ የቀረው የተበላሸ ሶፋ ነበር፤ መንገዱ ሲበላሽ ግን የጣርማበሩ ጉምና ብርድ በቤታችን ከሁሉ በላይ የሚወራ ታሪክ ሆነ። ሶፋው ተጨማሪ ዕቃ ጠራ፤ መንገዱ ተጨማሪ ሰው ጠራ፤ ከዚያ ወዲህ የአክስቴ ልጆች ለሕክምናም ለትምህርትም ሲመጡ የሚያርፉት እኛ ዘንድ ነው። ይህ ወጪ አለው፤ ድካምም አለው። የማጋንን እንዳይመስል ይህንንም መጨመር አለብኝ፦ ዝምድና የሚያስወጣውን የማይፈልግ ሰው ሶፋ ቢገዛ ይሻለዋል።

ዕቃ መግዛት ከተፈለገ የትኛው ዕቃ

ብርድ ልብስን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ቅርብ ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚገባው ወፍራም፣ ባለ አበባ ሥዕል ብርድ ልብስ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ሕፃን ላለበት ቤት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። የመንዝ ባና ደግሞ በሌላ መንገድ የሚመዘን ነው። ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ቀለሙ ቡናማም ሆነ ጥቁር አብዛኛውን ጊዜ የበጉ የራሱ ቀለም ነው። ሲነኩት ይኮሰኩሳል፤ ክረምት ላይ እርጥበት ሲያገኘው የበረት ሽታው ይመለሳል፤ ካልተናፈሰ ብል ይበላዋል። ቢቀደድ ግን ይጠገናል፤ ሲያረጅ ለአህያ ጭነት፣ ለመደብ፣ ለበር መጋረጃ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ገንዘቡ ወደ ሸማኔው ቤት ይሄዳል፤ ገዢው ሸማኔውን ያውቀዋል፣ ጥያቄ ቢኖረው ሄዶ ይጠይቀዋል።

ስለዚህ ዕቃን ከዕቃ ለማበላለጥ የምጠቀምበት መለኪያ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል ወይ፣ ሲያረጅ ሌላ ሥራ ይሠራል ወይ፣ ከማን እንደገዛሁት አውቃለሁ ወይ። ሦስቱንም የሚያሟላ ዕቃ በጸጥታ የሚያገለግል ነው፤ ከውሎም ጋር አይጣላም። ስልክን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ የያዙት እየሠራ በብድር አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለብድር ጌጥም ይሠራል።

«ብሩ እየወረደ ነው» ለሚለው ክርክር

በዕቃ ወገን ከሚቀርቡት ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ በጥንቃቄ ሊመለስ ይገባዋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይህን ያየ ሰው ብር ከማስቀመጥ ዕቃ መግዛትን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ጉዞ ደግሞ ተመልሶ አይሸጥም።

ነገር ግን ዋጋ የሚጠብቀው ዕቃና የሚታየው ዕቃ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ሶፋና ቡፌ ከሱቅ በወጡበት ቀን ያገለገሉ ይባላሉ፤ የአዲሱ ዋጋ ቢንርም ያገለገለው እንደ ልብ ገዢ አያገኝም። ቆርቆሮ፣ የሥራ መሣሪያ፣ ወርቅ፣ ቦታና ጠባቂ ላለው ደግሞ በግ፣ እነዚህ ከዋጋ ንረት ጋር ይራመዳሉ፤ በጓ ትወልዳለች፣ ጠጉሯም ይሸለታል። ስለዚህ ዓላማው ገንዘብን ከመቅለጥ ማዳን ከሆነ የሚነጻጸረው በግና ወርቅ እንጂ ሶፋና ጉዞ አይደለም፤ ሶፋን «ቁጠባ ነው» ብሎ መግዛት ራስን ማታለል ነው። በእኔ ቤት ከዕጣው መጀመሪያ ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ይነሣል፤ ስለ ውሎ የምንነጋገረው በቀሪው ነው።

ውሎ ዕቃ ሲሆን

ውሎ ሁሉ ቀላል ኑሮ አይደለም። ከዚህ አገር ወጪዎች ሁሉ እጅግ የሚከብደው ውሎ ነው፤ ሰርግ። ጥር ሲገባ በየሰፈሩ ድንኳን ይተከላል፤ ለመኪና ኪራይ፣ ለቪዲዮ፣ ለዲጄ፣ ለሚዜ ልብስ ይወጣል፤ በሳምንቱ ደግሞ የመልሱ ድግስ ይከተላል። ሙሽሮቹ ቀኑን ሙሉ በፎቶ አንሺ ትእዛዝ ሲቆሙና ሲቀመጡ ይውሉና፣ ከአያታቸው ጋር አንድ ጉርሻ ሳይጎራረሱ ይመሻል። ብድሩ ግን ከድንኳኑ ጋር አይነቀልም። እንዲህ ያለው ውሎ እንደ ሶፋው ሁሉ ለሰው ዓይን የተገዛ ነው።

ሁለት የሰርግ አደራረጎችን ላነጻጽር። በአንደኛው ምግቡ በኮንትራት ይሠራል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ጎረቤት እንደ እንግዳ ተጠርቶ በልቶ ይሄዳል። በሁለተኛው የሰርጉና የመልሱ ድግስ በአንድ ቀን ይጠቃለላል፤ ሴቶቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምረው ጌሾ ይወቅጣሉ፣ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ እንጀራውን በየምጣዳቸው ተከፋፍለው ይጋግራሉ፤ ወንዶቹ ዳስ ይጥላሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ። ሁለተኛው ርካሽ ብቻ አይደለም፤ የሚዋለው እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ነው። በሰርግ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ያደረችን ሴት «ሰርጉ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት፤ የምትተርከው የዋዜማውን ሌሊት ነው። የሁለተኛው ጉድለት የሴቶቹ ድካም ነው፤ ወንዶቹ ዳስ ጥለው ሲቀመጡ እነርሱ ለቀናት ወገባቸው አይቀናም፤ ሥራው በትክክል ካልተካፈለ «ቀላል» የተባለው ለአንድ ወገን ብቻ ይሆናል።

የጽዋ ማኅበር በዚህ ረገድ የተሻለ ሚዛን አለው። አባላቱ በየወሩ በተራ ስለሚደግሱ፣ አሥራ ሁለት ሰው ካለ ለአንዱ ተራው በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚደርሰው፤ የሚቀርበውም ዳቦና ጠላ፣ ንፍሮና ወጥ ነው። ለአንድ ቀን ወጪ አሥራ ሁለት ውሎ ማለት ነው፤ የዚህን ያህል የሚያዋጣ ዕቃ በሱቅ አላየሁም።

ብቻን መተውና ተስማምቶ መተው

ብዙ ሰው ቀለል ያለ ኑሮ የሚያቅተው ስለማይፈልገው ሳይሆን ብቻውን ስለሚሞክረው ነው። እዚሁ መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ሜዳ ለዚህ ምስክር ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኘውና 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው ይህ የሣር ምድር፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሜዳውን እስከ ሦስትና አምስት ዓመት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ሲከፈትም ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ጓሳ የሚባለውን ሣር በደንቡ መሠረት ያጭዱ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፍርሶት ነበር፤ ነዋሪው ግን በኋላ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቋቋመው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። ጎረቤቱ እያጨደ አንድ ሰው ብቻውን ቢታቀብ ሜዳው አይተርፍም ነበር፤ ያዳነው ሁሉም በአንድ ቀን መዝጋታቸውና በአንድ ቀን መክፈታቸው ነው።

ለቤተሰብ ወጪም ይህ ይሠራል። አንዷ እህት ብቻዋን ለመልስ ትንሽ ስጦታ ይዛ ብትሄድ ቆጥቋጣ ትባላለች፤ እህትማማቾች ሁሉ ከሰርጉ ወቅት በፊት ተቀምጠው «ከእንግዲህ ይህን ያህል ብቻ» ቢባባሉ ግን ማንም አይታማም። እኛ ከወንድሞቼ ጋር ለፋሲካ እያንዳንዳችን በግ ማረዱን ትተን በአንዱ ቤት በአንድ በግ ለመሰብሰብ ተስማምተናል። መጀመሪያ ላይ ታላቅ ወንድማችን «ቤቴ በበዓል ደም ሳይፈስበት?» ብሎ አኩርፎ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ተራው የእርሱ ቤት ሆኖ ሃያ ሁለት ሰው ገባበት፤ ከዚያ ወዲህ ቀኑን የሚያስታውሰን እርሱ ነው።

ለሚወጣ ሰው

ውሎን የመረጠ ቤተሰብ ሩቅ መሄድ የለበትም። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሣህለ ሥላሴና የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ወጥቶ ቁልቁል የጥንት የገበያ ከተማ ወደ ሆነችው አልዩ አምባ ማየት ለልጅ ስለ ሲራራ ነጋዴ መንገድ ከሚነገረው ሁሉ ይበልጣል። ጣርማበር ላይ በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለው ዋሻና ከአጠገቡ የሚታየው ገደል መኪና ሳይበላሽም መቆም የሚገባው ነው። ለሱባኤ ጻድቃኔ ማርያም፣ ለጠበል ሸንኮራ ዮሐንስ አሉ። ጓሳ ሲኬድ ጋቢና ወፍራም ካልሲ አይረሳ፤ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ለማየት ማለዳ መድረስ ያስፈልጋል። ስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። ከመነሣት በፊት ግን ስለ መንገዱ ጸጥታ እዚያው ለሚኖር ዘመድ ደውሎ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ጥርጣሬ ካለ መዋያውን እዚያው ከተማ ውስጥ መፈለግ፣ ለምሳሌ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመሠረቱት በደብረ ብርሃን ሥላሴ አስቀድሶ ከሰዓት በኋላውን ያልተጠየቀ ዘመድ ቤት ማሳለፍ፣ ያው ውሎ ነው።

የእኛ ቀጣይ ዕጣ የሚወጣው ጥር ላይ ነው። ባለቤቴ የሰመጠው ሶፋ እንዲታደስ ትፈልጋለች፤ እኔም ተስማምቻለሁ፤ ስፖንጁን ቀይሮ ጨርቁን የሚያለብስ ባለሙያ እዚሁ ሰፈራችን አለ። ዳንቴሉ ግን አይመለስም፤ ጭቃ የነካ እግርም እንዲገባ ተነጋግረናል። ከሚተርፈው ልጄ አክስቴ ዘንድ አንድ ወር ይሰነብታል፤ በዚህ ጊዜ የጠየቃት ከመፍተሉ በፊት ጠጉሩ በደጋን እንዴት እንደሚነደፍ ነው።